ከቦሌ መነሣት፦ የበረራ ዕቅድና ናቪጌሽን በአዲስ አበባ ዙሪያ

የመንገደኞች አውሮፕላን መሬት ከመልቀቁ በፊት አንዴ በወረቀት ላይ ይበራል። በየትኛው መስመር ይሄዳል? ስንት ጫማ ላይ ይወጣል? ምን ያህል ነዳጅ ይጭናል? መድረሻው ቢዘጋ ወዴት ይዞራል? ይህ ሁሉ ቀድሞ ይሰላል። ይህ የበረራ ዕቅድ ይባላል። አየር ላይ ከወጡ በኋላ ያሉበትን ቦታ በትክክል እያወቁ ዕቅዱን ተከትሎ መሄዱ ደግሞ ናቪጌሽን ነው። ሁለቱም በዓለም ዙሪያ በአንድ ዓይነት ደንብ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመርባቸዋል፤ ከፍታ። ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በአብራሪዎች ቋንቋ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ተቀምጧል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ቁጥር ይመለሳል።

አቪዬሽን የሚሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ እዚህ ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው።

ከገፈርሳ እስከ ቦሌ

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተቀበለችው በዳርቻዋ ነው። ኦገስት 18 ቀን 1929 ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈ። የዚያ ዘመን ናቪጌሽን ዓይን ነበር። አብራሪው ወንዙን፣ ተራራውንና የባቡር ሐዲዱን እያየ ይሄዳል፤ ደመና ከሸፈነው ይመለሳል። በዓመቱ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተገኙ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ሁለቱም በ1930 ለአብራሪነት በቁ። ቀዳሚው ማነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የሚሽካ አባት ሩሲያዊ ስለነበሩ አንዳንዱ ክብሩን ለአስፋው ይሰጣል። ቀኑን የሚቆጥር ደግሞ ሚሽካን ያስቀድማል።

የጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 21 ቀን 1945 ተቋቋመ። የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ በስምምነት አብራሪና ቴክኒሻን ይሰጥ ነበር። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው በረራ በሲ-47 አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። ይህን መስመር ካርታ ላይ ያየ ሰው ድፍረቱ ይገባዋል። መነሻው ልደታ ሜዳ ነው። የመጀመሪያዋ ማረፊያ አሥመራም እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው የሰሜን ተራሮች አሉ። በዚያ ዘመን አብራሪው እጅ ላይ ያለው ኮምፓስ፣ የእጅ ሰዓት፣ የፍጥነት መለኪያና አልፎ አልፎ የሚገኝ የሬዲዮ ቢከን፣ ማለትም አቅጣጫ የሚጠቁም ምልክት የሚልክ ጣቢያ ነው። በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ አቅጣጫ፣ ለዚህን ያህል ደቂቃ ከሄድኩ እዚህ ነኝ ብሎ ማስላት ነበረበት። ነፋሱን ከተሳሳተ ቦታውንም ይሳሳታል። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ሆነው የወጡት በዚህ ትምህርት ቤት አልፈው ነው።

ጄት ሲመጣ ልደታ ጠበበ። ለቦይንግ 720 የሚበቃ መንደርደሪያ አልነበረውም። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ያኔ የከተማዋ ዳርቻ በነበረችው ቦሌ አዲስ አየር ማረፊያ ተሠራ። ጄቶቹ በ1962 መጨረሻ ገቡ። ዛሬ ቦሌን ዳርቻ ነበረች ብትለው የሚያምንህ ወጣት የለም። ከተማዋ በገርጂ፣ በቡልቡላና በአራብሳ በኩል ከብባዋለች። አሁን መንደርደሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ 3,800፣ ሌላው 3,700 ሜትር ይረዝማል።

ከፍታው የሚያስከፍለው

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ የአዲስ አበባ በረራ ምሥጢር ያለው እዚህ ነውና።

የአውሮፕላን ክንፍና ሞተር የሚሠሩት በአየር ነው። ቦሌ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት በዚህ ከፍታ ላይ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት። የበጋ ከሰዓት በኋላ ግን 25 ዲግሪ ይደርሳል። ሙቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ የሚሰማው 7,600 ጫማ ሳይሆን ከ10,000 ጫማ በላይ ነው። አብራሪዎች ይህን ዴንሲቲ አልቲትዩድ ይሉታል።

ውጤቱ በሦስት መንገድ ይታያል። ሞተሩ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ለማረፍም እንዲሁ ነው። የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሲያሳይ አውሮፕላኑ በዚያ ሙቀት በእውነቱ 164 ኖት ገደማ እየበረረ ነው። ይህ ሁሉ ፍጥነት በጎማውና በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጎማ ራሱ የፍጥነት ጣሪያ አለው። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ ከባድ አውሮፕላን የክብደቱን ልክ የሚወስንለት መንደርደሪያው ብቻ አይደለም። የጎማው ፍጥነት፣ ከተነሣ በኋላ መውጣት የሚችልበት አቅምና ፊት ለፊቱ ያለው ተራራም አብረው ይወስናሉ።

ይህ ለመንገደኛው በቀጥታ የሚታይበት ቦታ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የአየር መንገዳችን በረራ በመንገድ ላይ ያርፋል። በተለያዩ ጊዜያት ደብሊንና ሎሜ የማረፊያ ቦታ ሆነው አገልግለዋል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ብዙ ሰው የነፋስ ጉዳይ ይመስለዋል። ነፋሱም ድርሻ አለው፤ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ከኋላ ይገፋል። ዋናው ነገር ግን ዋሽንግተን ዝቅ ያለች መሆኗ ነው። እዚያ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ ይነሣል። ከቦሌ እንደዚያ ሞልቶ መነሣት አይችልም። ጁን 1 ቀን 1984 አየር መንገዱ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አበረረ። ያኔ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በዚያን ቀንም አቅጣጫው ወደ አዲስ አበባ ነበር።

የረጅም ርቀት በረራዎች ማታና ሌሊት የሚበዙት በዋናነት ለግንኙነት በረራ ሲባል ነው። ከአፍሪካ ከተሞች ማታ የገባው መንገደኛ ወደ አውሮፓና እስያ ይቀጥላል። ግን የሌሊቱ ቅዝቃዜም ውለታ ይውላል። አየሩ ሲወፍር ተጨማሪ ክብደት መሸከም ይቻላል።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ቦይንግ 787 ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከ6,000 ጫማ ከፍታ በላይ እንዳይመስል ሆኖ የተሠራ ነው። ቦሌ ደግሞ 7,600 ላይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትነሣ አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ፣ የተቀመጥክበት ክፍል የአየር ግፊት ግን ወደ ታች እንደምትወርድ ያህል ይጨምራል። ጆሮህ የሚሰማህ ሌላ ቦታ ከለመድከው ተቃራኒውን ነው።

ዕቅዱ እንዴት ይወጣል

ሥራውን የሚጀምረው ዲስፓቸር፣ ማለትም መሬት ላይ ሆኖ በረራውን የሚያቅደው ባለሙያ ነው። የሜትሮሎጂ ትንበያውን ያያል። ኖተም የሚባሉትን ማስታወቂያዎች ያነባል፤ የተዘጋ መንደርደሪያ፣ የጠፋ መብራት፣ የተከለከለ የአየር ክልል እዚያ ይወጣል። ካርታውና የኮምፒውተሩ መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳል፤ ይህ ዑደት በመላው ዓለም አንድ ነው።

ከዚያ ነዳጅ ይሰላል። ለታክሲ (መሬት ላይ እስከ መንደርደሪያው ለመሄድ)፣ ለጉዞው፣ ላልታሰበ ነገር ብዙ ጊዜ የጉዞው 5 በመቶ፣ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ ለመሄድ፣ በመጨረሻም የማይነካ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ። ካፒቴኑ ካልተመቸው ይጨምራል። ክረምት ላይ ይጨምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሚቆመውን ጥቁር ደመና የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ነጎድጓዱ ከመንደርደሪያው ዞር እስኪል አየር ላይ መዞር ሊኖር ይችላል። ካልሆነ ወደ ድሬዳዋ፣ ናይሮቢ ወይም ጅቡቲ መሄድ ይመጣል። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ያሉ ናቸው።

ዕቅዱ ለአየር ትራፊክ አገልግሎት የሚላከው በተወሰነ ቅጽ ነው። የበረራው መለያ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ያለው የናቪጌሽን መሣሪያ፣ መነሻና ሰዓት፣ ፍጥነት፣ ከፍታ፣ መስመር፣ መድረሻ፣ ተለዋጭ ማረፊያ ይሰፍሩበታል። ቦሌ በዚህ ቅጽ ላይ ኤችኤኤቢ ተብላ ትጻፋለች። ሰዓቱ ዩቲሲ፣ ማለትም አቪዬሽን በመላው ዓለም የሚሠራበት የጋራ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የእኛ አብራሪዎች ከሌላው የተለየ ስሌት ይዘዋል። ዩቲሲ 21 ሰዓት ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከዩቲሲ 3 ብትቀንስ የኢትዮጵያ ሰዓት ይመጣልሃል። 18 ከመጣ ደግሞ 12 ቀንስለት፣ 6 ይሆናል።

ተራሮቹ

ቦሌ በተራራ የተከበበ ነው። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር፣ ራቅ ብሎ በደቡብ ዝቋላ። እንጦጦ፣ ወጨጫና የረር ሁሉም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ መነሻ ዕቅድ ውስጥ አንድ ክፉ ጥያቄ አለ፤ ልክ መሬት ስንለቅ አንድ ሞተር ቢቆምስ? መልሱ ቀድሞ ይዘጋጃል። በየት በኩል ይዞራል፣ ስንት ጫማ ሲደርስ፣ የትኛውን ሸለቆ ይዞ። አብራሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ጮክ ብለው ይነጋገሩበታል።

ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከጠፋ አውሮፕላን ሰው ያለ ጭምብል ወደሚተነፍስበት ወደ 10,000 ጫማ መውረድ አለበት። ራስ ደጀን ግን 4,550 ሜትር ገደማ፣ ወደ 15,000 ጫማ ነው። አሮጌ መጻሕፍት 4,620 ይሉታል፤ አዲሶቹ ልኬቶች ዝቅ ያደርጉታል። ለአብራሪው ልዩነቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የመንገደኛው የኦክስጅን ጭምብል የሚሠራው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ከተራራው የሚወጣበት መንገድ ቀድሞ ይሣላል።

ማርች 10 ቀን 2019 ከቦሌ የተነሣው ኢቲ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ቀን ተራራም ዕቅድም ጥፋተኛ አልነበሩም። ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑ ሥርዓት ከአንድ ዳሳሽ በመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች ደጋግሞ ገፋው። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በ2022 መጨረሻ ያወጡት ሪፖርት ይህንን ይላል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎችም በዚህ ተስማምተዋል፤ የአብራሪዎቹ ምላሽ በቂ ትኩረት አላገኘም የሚል አስተያየት ግን ጨምረዋል። አሜሪካ አውሮፕላኑን እንደገና የፈቀደችው ከ20 ወር በኋላ፣ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። ይህ በራሱ ብዙ ይናገራል።

ጎረቤቶች

ሰማይ ድንበር አለው። የኢትዮጵያ አየር ክልል በአዲስ አበባ ቁጥጥር ሥር ነው። ከዚያ ውጭ አሥመራ፣ ካርቱም፣ ናይሮቢና ሞቃዲሾ ይጠብቁሃል። ዕቅድ አውጪው ፖለቲካውን ካልተከታተለ ሥራውን አይሠራም። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የእኛ አውሮፕላኖች በኤርትራ ላይ አያልፉም ነበር፤ በ2018 ተከፈተ። በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የካርቱም ሰማይ ተዘጋ። ወደ ካይሮና አውሮፓ የሚወስደው መንገድ መዞር ነበረበት። በ2024 ደግሞ ሶማሌላንድ ላይ ሞቃዲሾና ሐርጌሳ ሁለቱም እኛ ነን የምንቆጣጠረው አሉ። የየትኛው ሬዲዮ ይሰማ የሚለው ጥያቄ በአንድ ዕቅድ ላይ አይፈታም።

በአፍሪካ ሰማይ ሬዲዮ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። አብራሪዎች ለዚህ በ126.9 ሜጋኸርዝ ራሳቸው ይነጋገራሉ። ቦታቸውን፣ ከፍታቸውንና አቅጣጫቸውን ያውጃሉ፤ ሌላው ሰምቶ ይጠነቀቃል። ዛሬ ጂፒኤስና የበረራ ኮምፒውተር እያለም ይህ ልማድ አልቀረም።

ቢሾፍቱ

ቦሌ ሞልቷል። በ2019 የተመረቀው ማስፋፊያ ዓመታዊ አቅሙን ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ አደረሰው። መንደርደሪያ ለመጨመር ግን ቦታ የለም። አዲሱ አየር ማረፊያ ከከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ ላይ ታቅዷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት እንዲያስተናግድ ነው።

ዜናው የሚያወራው ስለ ትልቅነቱ ነው። አብራሪና ዲስፓቸር የሚያዩት ሌላ ቁጥር ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። በዚያ ልዩነት አየሩ በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል። ለረጅም ጉዞ በሚነሣ አውሮፕላን ላይ ይህ ብዙ ቶን ነዳጅ ወይም ጭነት ማለት ነው።