«ተጨማሪ ማውጫ» ሲባል ቅደም ተከተል አለው ማለት አይደለም

ሐዋሳ በምሠራበት ክፍል ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራችን እንዳይቆም በማሰብ፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የምንጠቀምባቸውን ፓኬጆች (ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች) በአንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጠን የራሳችንን ማከማቻ አቋቁመናል። ማቋቋሙ ከባድ አልነበረም፤ ግራ የሚያጋባው ፒፕ የተባለውን መጫኛ ወደ ማከማቻው የሚመራው አማራጭ ነው።

«ኤክስትራ ኢንዴክስ ዩአርኤል» (ተጨማሪ የማውጫ አድራሻ) የሚለውን አማራጭ ብዙ ባለሙያ «መጀመሪያ የእኛን ፈትሽ፣ ካጣህ ብቻ ወደ ፓይፒአይ (ለሁሉም ክፍት ወደሆነው የፓይተን ፓኬጆች የኢንተርኔት ማከማቻ) ሂድ» እንደማለት ይረዳዋል። እውነታው ሌላ ነው፤ ፒፕ ሁለቱን ማውጫዎች በእኩል ዓይን ያያል፣ በሁለቱም ያሉትን እትሞች በአንድነት ይሰበስባል፣ ከዚያም ከሚስማሙት መካከል ከፍተኛ ቁጥር ያለውን ይመርጣል። ለምሳሌ በላቲን ፊደል «ደመወዝ» ብለን የሰየምነው ፓኬጅ በእኛ ዘንድ 1.4 ላይ ቢሆንና አንድ የማናውቀው ሰው በዚያው ስም 99.0 የሚል እትም ፓይፒአይ ላይ ቢያወጣ፣ የእትሙን ቁጥር ካልወሰንን በቀር ኮምፒዩተራችን ላይ የሚጫነው የባዕዱ ነው። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በዚሁ መንገድ በታላላቅ ኩባንያዎች ውስጥ ኮድ ማስኬድ እንደቻለ ይፋ አድርጓል።

እንደ እኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ «ኢንዴክስ ዩአርኤል» (ዋና የማውጫ አድራሻ) በሚለው አማራጭ የራስን ሰርቨር ብቻ መስጠትና የውጭውን ፓኬጅ ሰርቨሩ ራሱ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። ዴቭፒአይ የተባለው ሰርቨር ይህን ይሠራል፤ በራሳችን ማከማቻ ያለ ስም በፓይፒአይ ካለው ተመሳሳይ ስም ጋር እንዳይቀላቀል ሳይነገረው ይከለክላል፣ ዴቭፒአይ ዌብ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲጫንለትም ፓኬጆቹን በቃል መፈለግ ይቻላል።