በጀርመን የስልክ ዋጋ ውስጥ ያለው የቅጂ ካሳ ምንድን ነው?

ብዙዎች ግብር የሚሉት ይህ ክፍያ ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በጀርመን የቅጂ መብት ሕግ የተደነገገ፣ ሰዎች ለግላቸው ለሚቀዱት ሥራ ለባለመብቶች የሚከፈል ካሳ ነው። ከፋዩ አምራቹ ወይም አስመጪው ቢሆንም ወጪው በዋጋ በኩል ወደ ሸማቹ ይተላለፋል። ለምሳሌ ሲዲ ገዝቶ ዘፈኖቹን ወደ ስልኩ የሚገለብጥ ሰው የተለየ ፈቃድ አያሻውም፤ ከሕገወጥ ምንጭ የሚያወርድ ግን፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 እንደወሰነው፣ በዚህ ካሳ አይሸፈንም። መጠኑ እንደ ዕቃውና እንደ አገሩ ይለያያል፤ ብሪታንያ ክፍያው ጭራሽ የላትም። ፍርድ ቤቱ በ2010 ለግል ቅጂ እንደማይውሉ ግልጽ በሆኑ የድርጅት መሣሪያዎች ላይ ክፍያው በጅምላ እንዳይጣል መወሰኑ ተገቢ ነው፤ በየወሩ ከፍሎ በኢንተርኔት ብቻ የሚያዳምጠው ሸማች ግን ምንም ሳይቀዳ መክፈሉ፣ በእኔ እምነት፣ ፍትሐዊ አይደለም።