ፕሉስ ክ ፓርፌ ምንድን ነው? የፈረንሳይኛው ሩቅ ኃላፊ

«ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር።» እዚህ ላይ ሁለት ያለፉ ነገሮች አሉ፤ የእኛ መድረስና የባቡሩ መሄድ። መጨረሻ ላይ የተነገረው ቀድሞ የሆነው ነው። አማርኛ «ሄዶ ነበር» በማለት ብቻ ቅደም ተከተሉን ያስይዘዋል፤ የሰዋስው መጽሐፎቻችንም ሩቅ ኃላፊ ይሉታል። ፈረንሳይኛ ለዚሁ ሥራ ያለው ጊዜ ፕሉስ ክ ፓርፌ ነው፦ «ካን ኑ ሶም ዛሪቬ አ ላ ጋር፣ ል ትራን ኤቴ ፓርቲ።» ከዚህ ውስጥ «ኤቴ»ን አውጥታችሁ «ኤ» ብትተኩ ወሬው ሌላ ይሆናል፤ እኛ ስንደርስ ባቡሩ ዓይናችን እያየ ተነሣ ማለት ነው።

አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው። ፊት ረዳት ግስ ይቆማል፤ «አቯር» (መያዝ፣ መኖር) ወይም «ኤትር» (መሆን)፣ ሁልጊዜ ኢምፓርፌ በሚባለው፣ እንደ እኛ «እጽፍ ነበር» ባለው ጊዜ ረብቶ። ከኋላው የዋናው ግስ ፓርቲሲፕ ፓሴ፣ ማለትም ከረዳት ግስ ጋር የሚሄደው የኃላፊ ቅርጹ፣ ይከተላል። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚገርመው ነገር ሥራው የተገላቢጦሽ መከፋፈሉ ነው። እኛ ዘንድ «በልቼ ነበር፣ በልተህ ነበር፣ በልታ ነበር» ስንል የሚረባው ቦዝ አንቀጹ ነው፤ «ነበር» ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እነሱ ዘንድ የሚረባው ረዳቱ ነው፣ ዋናው ግስ እንዳለ ይቀመጣል፦ ዣቬ ማንዤ፣ ቱ አቬ ማንዤ፣ ኢል አቬ ማንዤ፣ ኑ ዛቪዮን ማንዤ፣ ቩ ዛቪዬ ማንዤ፣ ኢል ዛቬ ማንዤ።

ጮክ ብላችሁ ስታነቡት «አቬ» የሚለው ድምፅ በስድስቱ መደቦች አራት ጊዜ ይመላለሳል። ጆሮ አይለየውም፤ ወረቀት ግን ይለየዋል። የ«እኔ»ና የ«አንተ» በኤስ ያልቃሉ፣ የ«እሱ»ና የ«እሷ» በቴ፣ የ«እነሱ» ደግሞ በኧ፣ ኤንና ቴ። በዲክቴ፣ ማለትም በቃል ጽሕፈት፣ ነጥብ የሚያስጥለው ይሄ ነው፤ በንግግር ግን ማንም አይይዛችሁም። («ኑ ዛቪዮን» ላይ የሰማችሁት ዘ የረዳቱ ሳይሆን የ«ኑ» መጨረሻ ኤስ ነው።)

አብዛኛው ግስ ከ«አቯር» ጋር ይሄዳል። «ኤትር»ን የሚፈልጉት ጥቂት የመምጣት፣ የመሄድ፣ የመውጣት፣ የመውረድ፣ የመወለድና የመሞት ግሶች ናቸው፤ በራስ ላይ የሚፈጸሙትም፣ እንደ «መታጠብ»፣ እዚሁ ይገባሉ። የኤትር እርባታ ዤቴ፣ ቱ ኤቴ፣ ኢል ኤቴ፣ ኑ ዜቲዮን፣ ቩ ዜቲዬ፣ ኢል ዜቴ ነው። ዝርዝሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ከማጥናት ይልቅ አማርኛችን የሚሰጠንን ፍንጭ ብንጠቀም ይሻላል። እኛ «ወረደ» እና «አወረደ»፣ «ወጣ» እና «አወጣ» ብለን ግሱን ራሱን እንለያለን። ፈረንሳይኛ «ዴሳንድር» የሚለውን አንድ ግስ ለሁለቱም ይጠቀምና ረዳቱን ይቀይራል። «ወርጄ ነበር» ሲሆን «ዤቴ ዴሳንዱ»፤ «ሻንጣውን አውርጄ ነበር» ሲሆን «ዣቬ ዴሳንዱ ላ ቫሊዝ»። በአማርኛ «አ» የምትጨምሩበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ተሳቢ ሲመጣ፣ «አቯር» ይገባል።

ከ«ኤትር» ጋር ፓርቲሲፑ በጾታና በቁጥር ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው ፊደል አይሰማም፤ «ሞተ» ላይ ግን ይሰማል፣ ለወንድ «ኢል ኤቴ ሞር»፣ ለሴት «ኤል ኤቴ ሞርት»። ከ«አቯር» ጋር መስማማት የሚመጣው ቀጥተኛው ተሳቢ ከግሱ ቀድሞ ሲገኝ ብቻ ነው፤ «ላ ሌትር ክ ዣቬ ኤክሪት»፣ ጽፌያት የነበረችው ደብዳቤ።

እርባታው በሳምንት ይለመዳል። የሚያስቸግረው መቼ እንደሚገባ ነው፣ ጥፋተኛውም የእኛው «ነበር» ነው፤ በየቦታው አለ። «እጽፍ ነበር» ፕሉስ ክ ፓርፌ አይደለም፤ በአንድ ቃል የሚያልቅ ኢምፓርፌ ነው፣ «ዤክሪቬ»። «ጽፌ ነበር» ግን «ዣቬ ኤክሪ» ነው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ከ«ነበር» በፊት ያለው ግስ ቦዝ አንቀጽ መሆን አለመሆኑን ማየት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ግን «ትናንት ደውዬልህ ነበር» ይመጣል። ቦዝ አንቀጽም አለው፣ «ነበር»ም አለው፤ ሆኖም ፈረንሳዩ በአብዛኛው በፓሴ ኮምፖዜ፣ ማለትም በተራው የንግግር ኃላፊ ጊዜ፣ «ዥ ቴ አፕሌ ዬር» ነው የሚለው። እኛ «ነበር» የምንጨምረው ደወልኩ፣ አላገኘሁህም፣ ነገሩ ሳይቋጭ ቀረ ለማለት ነው። ፈረንሳይኛ ግን «ከምን በፊት?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሆን ሌላ ያለፈ ነገር ከሌለ ፕሉስ ክ ፓርፌው መቆሚያ ያጣል። ያ ሌላ ነገር በቃል መነገር ግን የለበትም። «ነግሬህ ነበር!» ስንል «ዥ ት ላቬ ዲ!» ይሆናል፤ ጣጣው ከመድረሱ በፊት መንገሬን ሁለታችንም እናውቀዋለንና። ለእኔ ከሁሉም ሕግ በላይ የሚሠራው ይህ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ነበር» ባያችሁ ቁጥር ከምን በፊት እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ቦታ ላይ ጥያቄው አይሠራም፤ «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ላይ። ይህ በፈረንሳይኛ «ሲ ዣቬ ሱ፣ ዥ ስሬ ቭኑ» ነው። ፕሉስ ክ ፓርፌው የተቀመጠው በ«ኖሮ» በኩል ነው፤ «ነበር» ያለበት ወገን ኮንዲሲዮኔል ፓሴ የሚባለውን፣ ሊሆን ሲችል ያልሆነውን የሚናገረውን ጊዜ፣ ይወስዳል። «ነበር»ን የተከተለ ተማሪ ሁለቱን ያቀያይርና «ሲ ዦሬ ሱ» ይላል። የፈረንሳይ ልጆችም ያንኑ ይሳሳታሉ፤ መምህሮቻቸው «ሌ ሲ ኔም ፓ ሌ ሬ» እያሉ ያርሟቸዋል። «ሲ» የምትለው «ከሆነ» በ«ሬ» የሚያልቁ ግሶችን አትወድም ማለት ነው፤ በድምፅ ብቻ ከተሰማ ደግሞ መጋዞች መስመር አይወዱም የሚል ይመስላል፣ ልጆቹም ለዚያ ነው የማይረሱት።