ለጎረቤት በር መክፈት ለዓለም መክፈት ነው?

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት በ2018 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ከተፈረመ ወዲህ ስለ ነፃ ንግድ ብዙ ይወራል። ጉዳዩ ኪሳችን ድረስ ስለሚመጣ የተዛቡትን ወሬዎች እንያቸው።

«ነፃ ንግድ ከተባለ ቀረጥ ቀረ ማለት ነው»

ለአባላት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ያውም ቀስ በቀስ። በደንቡ 90 በመቶ የሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ከቀረጥ ነፃ የሚሆኑት በ5 ዓመት፣ ላላደጉ አገራት ደግሞ በ10 ዓመት ነው።

«እንዲህ ያለ ስምምነት የዓለም ንግድ ድርጅትን ሕግ ይጥሳል»

አይጥስም። ሕጉ አባል አገራትን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት ያዛል፤ ግን የጋት (የድርጅቱ የዕቃ ንግድና ቀረጥ ስምምነት) አንቀጽ 24 ለነፃ ንግድ ቀጠና በር ይከፍታል። ቅድመ ሁኔታው ከሞላ ጎደል መላውን የእርስ በርስ ንግድ ነፃ ማድረግና በውጭ ባሉት ላይ ቀረጥ አለመጨመር ነው።

«ቀረጥ በተነሳ ቁጥር አገር ታተርፋለች»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። አንድ ጫማ ከቻይና 1,000 ብር፣ ከጎረቤት አገር 1,200 ብር ይገዛል እንበል። ቀረጡ 30 በመቶ ነው። ለሁለቱም እኩል ሲሆን የቻይናው 1,300፣ የጎረቤቱ 1,560 ይገባል። አስመጪው ቻይና ይሄዳል። የጎረቤቱ ቀረጥ ብቻ ሲነሳ ግን 1,200ው ረከሰ። ገዢው 100 ብር ተረፈው፤ መንግሥት 300 ብር አጣ። አገር በአንድ ጫማ 200 ብር ከሰረች ማለት ነው። ይህ 200 ብር ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚወጣው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጃኮብ ቫይነር በ1950 እ.ኤ.አ. የንግድ መዛወር ያለው ይህንን ነው። የጎረቤቱ ጫማ የተካው ከዚያ የሚወደደውን የአገር ውስጥ ጫማ ቢሆን ኖሮ ግን ትርፍ ነበር።

መድኃኒት አለው። ለሌላው ዓለም የሚጠየቀው ቀረጥ ወደ 10 በመቶ ቢወርድ የቻይናው ጫማ በ1,100 ይገባል፤ አስመጪውም ይመለሳል። ቺሌ መንገዱን አሳይታለች። ከብዙ አገራት ጋር እየተፈራረመች፣ ለሁሉም የምታስከፍለውን ቀረጥም ከ11 በመቶ ዝቅ እያደረገች በ2003 እ.ኤ.አ. 6 በመቶ አደረሰችው።

«ከአባል አገር የተጫነ ሁሉ ያለቀረጥ ያልፋል»

ጉምሩክ የሚጠይቀው የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ነው። የቻይና ጫማ ናይሮቢ ላይ ካርቶኑ ስለተቀየረ ኬንያዊ አይሆንም። ሙሉ ቀረጡን ይከፍላል።