ኤሚሊ ፖስት፦ የአሜሪካ የጨዋነት መምህር

በ20ኛው ምዕተ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ግብዣ ወይም ሠርግ ላይ «ይህ ወግ ነው ወይስ ነውር?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ለዳኝነት የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የኤሚሊ ፖስት ስም ነበር።

ኤሚሊ ፕራይስ በ1872 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር ተወለዱ። አባታቸው ብሩስ ፕራይስ በካናዳ የኩቤክ ከተማ ምልክት የሆነውን የሻቶ ፍሮንትናክ ሆቴል የነደፉ አርክቴክት ነበሩ። ኤሚሊ በኒው ዮርክ ባለጸጎች መካከል አደጉ፤ በ1892 ኤድዊን ፖስትን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። የባላቸው ውስልትና ግን ለገንዘብ ማስፈራሪያ ዳርጓቸው ጉዳዩ በጋዜጣ ወጣ፤ በ1905 ተፋቱ። በሰው ፊት መሸማቀቅን የቀመሱት ስለ ጨዋነት ከመጻፋቸው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

ከፍቺው በፊት የጀመሩትን ልብ ወለድ መጻፍ ቀጠሉበት። በ1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በመኪና ተጉዘው የጉዞ መጽሐፍ አሳተሙ።

ስማቸውን ያገነነው ግን በ1922፣ ወደ 50 ዓመት ሲጠጉ የወጣው «ኤቲኬት» (የጨዋነት ሥርዓት) የተባለው መጽሐፍ ነው። ከ600 ገጽ በላይ የሆነው ይህ መጽሐፍ ስለ አለባበስ፣ ስለ ማዕድ፣ ስለ ደብዳቤና ስለ ሠርግ ያስተምራል። ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው የቀብር ምዕራፉ ነው። ሐዘንተኛ ከቀብር ሲመለስ «ትፈልጋለህ?» ሳይባል ትኩስ ሻይ ወይም ሾርባ ይቅረብለት፣ ምክንያቱም ቢጠየቅ እምቢ ይላል፣ በእጁ ቢሰጡት ግን ይጠጣል ይላሉ። የትምህርታቸው ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ይታያል፤ ሥርዓት የሚኖረው ለሌላው ሰው ሲባል ነው።

የመጀመሪያው እትም ብዙ አገልጋይ ያለውን ቤት ያሰበ ነበር። አንባቢዎች ችግራቸውን እየጻፉ ሲልኩላቸው ኤሚሊ አዳመጡ፤ በኋለኞቹ እትሞች አብሳይም አስተናጋጅም ጋባዥም ራሷ የሆነች እመቤትን እንደ ገጸ ባሕርይ ጨመሩ። በዚህ ማስተካከያ መጽሐፉ ለተራው ቤተሰብም የሚሆን ሆነ።

በ1930ዎቹ በሬዲዮ ያስተምሩ ነበር፤ የጋዜጣ ዓምዳቸውም ከ200 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ይታተም ነበር። በ1946 በስማቸው የሚጠራውን ተቋም መሠረቱ፤ በ1960 በኒው ዮርክ አረፉ። ተቋሙን ዛሬም የሚመሩት ዘሮቻቸው ሲሆኑ፣ መጽሐፉ 100 ዓመት በሞላው በ2022 አዲስ እትም አውጥተዋል።