ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው?

ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ባልቲሞር ከተማ የሚገኝና እ.ኤ.አ. በ1876 ሥራ የጀመረ የግል የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። «የግል» ሲባል ባለሀብት ትርፍ የሚያገኝበት ተቋም ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ቃሉ የሚገልጸው ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ንብረት አለመሆኑንና በባለአደራዎች ቦርድ መተዳደሩን ነው፤ ገቢው ተመልሶ ለሥራው ይውላል እንጂ ለማንም አይከፋፈልም።

ስያሜው የከተማዋ ነጋዴ የነበረው የጆንስ ሆፕኪንስ ነው። ብዙዎች «ጆን» እያሉ ይሳሳታሉ፤ «ጆንስ» ከቅድመ አያቱ ወገን የወረደ የቤተሰብ ስም ነው። ልጅ ያልነበረው ይህ ሰው በ1873 ሲሞት 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለአንድ ዩኒቨርሲቲና ለአንድ ሆስፒታል ማቋቋሚያ ተናዝዞ ነበር።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኮይት ጊልማን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን አሠራር ተከትሎ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ እንዲሆን፣ የዶክትሬት ተማሪውም የተባለውን ከመድገም ይልቅ የራሱን ግኝት ይዞ እንዲቀርብ አደረገ። የአሜሪካ የመጀመሪያው የምርምር ዩኒቨርሲቲ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆስፒታሉ በ1889 ሲከፈት የሕክምና ትምህርት ቤቱ ግን በገንዘብ እጥረት እስከ 1893 ዘገየ። ጉድለቱን በአብዛኛው የሸፈነችው ሜሪ ኤልዛቤት ጋሬት ስትሆን፣ ገንዘቡን የሰጠችው ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲገቡ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነው። ምርምርና ሕክምና በአንድ ግቢ መዋላቸው ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳየው የቀዶ ሕክምና ጓንት ነው፤ የነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጅ በጀርም ማጥፊያው ኬሚካል ቆስሎ ሲያስቸግራት፣ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስተድ ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። ቆዳዋን ለማዳን የተሠራው ጓንት ቆይቶ የታካሚው መከላከያ ሆነ። (ሁለቱ በ1890 ተጋቡ።)

የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግን በኑዛዜና በስጦታ ብቻ አይኖርም። ተመራቂው ማይክል ብሉምበርግ በ2018 ለተማሪዎች ድጋፍ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ቢሰጥም፣ የምርምሩን ወጪ በአመዛኙ የሚሸፍነው የፌዴራል መንግሥቱ ነው። «የግል» የሚለው ቃል የሚደብቀው እውነታም ይህ ይመስለኛል። በ2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቋረጥ ዩኒቨርሲቲው በዚሁ ዕርዳታ ለሚሠራቸው ሥራዎች የተመደበለትን ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥቶ፣ በአገር ውስጥና በውጭ ከ2,000 የሚበልጡ የሥራ መደቦችን ሰርዟል።