የኪንግስዌይ የትራም ዋሻ

የኪንግስዌይ ዋሻ በማዕከላዊ ለንደን ከኪንግስዌይ ጎዳና ሥር የተሠራ የትራም መተላለፊያ ነበር። ከቴምዝ ወንዝ በስተሰሜንና በስተደቡብ የነበሩት የከተማዋ የትራም መስመሮች የሚገናኙት በዚህ ዋሻ ነበር። የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት የተጎሳቆሉ ሰፈሮችን አፍርሶ ጎዳናውን ሲዘረጋ ዋሻውንም አብሮ አስቆፈረ። አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1906 ሲሆን በ1908 እስከ ወንዙ ዳርቻ ደርሷል።

የመጀመሪያዎቹ ትራሞች ባለ አንድ ፎቅ ነበሩ፤ ቃጠሎ ስለሚያሰጋም አካላቸው ከብረት ተሠራ። ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ አልነበረም። ከትራሙ ሆድ የሚወርድ ክንድ በሀዲዶቹ መካከል ባለው ጠባብ ስንጥቅ ገብቶ፣ ከመሬት በታች ከተቀበረው መስመር ኃይል ይቀበል ነበር። በሰሜኑ መግቢያ መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ያዘቀዝቃል፤ ለትራም ይህ ቀላል ቁልቁለት አይደለም።

ባለ ሁለት ፎቅ ትራሞች እንዲያልፉ ዋሻው በ1930 ተዘግቶ ወለሉ በጥልቀት ተቆፈረ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 1931 ዳግም ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1933 የከተማዋን ትራንስፖርት የተረከበው አዲሱ ቦርድ ትራሞችን በትሮሊባስ፣ ማለትም ያለ ሀዲድ በሚሄድና ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ በሚያገኝ አውቶቡስ ለመተካት ተነሣ። ያ ሁሉ ድካም ገና ፍሬ ሳያፈራ ማለት ነው።

ዋሻውን ለትሮሊባስ ማውረስ ግን አስቸጋሪ ሆነ። በሆልቦርንና በኦልድዊች ጣቢያዎች ተሳፋሪ የሚቆምበት መድረክ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ይገኛል። ትራም በሁለቱም ጎኖቹ ስለሚያሳፍር ችግር አልነበረበትም፤ የእንግሊዝ አውቶቡስ በር ግን በግራ በኩል ነው። በቀኝም በር ያለው አንድ ትሮሊባስ ለሙከራ ተሠርቶ ነበር፤ ሆኖም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ዕቅዱ ሁሉ ቆመ።

ከጦርነቱ በኋላ ትራሞቹም ሀዲዱም አርጅተው ስለነበር ባለሥልጣናቱ ፊታቸውን ወደ ናፍጣ አውቶቡስ አዞሩ። ትራሞቹን ደረጃ በደረጃ የማስወጣቱ ሥራ በ1950 ተጀመረ። በዋሻው ከሚያልፉት መስመሮች በመጀመሪያ 31 ቁጥር ቀረ፤ 33 እና 35 ቁጥር ደግሞ ኤፕሪል 5 ቀን 1952 አበቁ። ከሦስት ወር በኋላ ለንደን የቀሩትን ትራሞቿን ሁሉ አሰናበተች። በትራሞቹ ፋንታ የገቡት አውቶቡሶች ከዋሻው በላይ ባለው ጎዳና ከሌላው ተሽከርካሪ ጋር እየተጋፉ መሄድ ነበረባቸው።

የዋሻው ደቡባዊ ክፍል በ1964 ለመኪና መተላለፊያነት ተከፈተ። ጣሪያው ዝቅተኛ በመሆኑ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ አያሳልፍም። ባለ አንድ ፎቁ 521 ቁጥር አውቶቡስ ግን ኋላ ላይ ለዓመታት ተመላልሶበታል።